ጋዝ የሚለይ የፖሊመር ሜምብሬን፦ ከጥሬ ፖሊመር እስከ ባረር

ይህ መመሪያ ላብራቶሪ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የጋዝ ሜምብሬን ለሚሠራ ሰው ነው። ፖሊሰልፎን ከሚባል ፖሊመር 50 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው ስስ ፊልም እንሠራለን። ከዚያ ኦክስጅንና ናይትሮጂን በየተራ እናሳልፍበታለን። የቱ በምን ያህል ፍጥነት እንዳለፈ ለክተን መራጭነቱን፣ ማለትም አንዱን ጋዝ ከሌላው ስንት እጥፍ እንደሚያሳልፍ፣ እናሰላለን። መጨረሻ ላይ ወደ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንሻገራለን።

አብዛኛው ጀማሪ ልቡ ያለው መለኪያ መሣሪያው ላይ ነው። ሥራው የሚበላሸው ግን ብዙ ጊዜ የጋዙ ቫልቭ ከመከፈቱ በፊት ነው። ፊልሙ ላይ፣ ማሰሪያው ላይ፣ ሳይታይ የሚያሾልክ መጋጠሚያ ላይ። ስለዚህ እነዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ሌላውን ቶሎ ቶሎ አልፋለሁ።

ጋዙ እንዴት ነው የሚያልፈው?

ሜምብሬን ሲባል ብዙዎቻችን ወንፊት ነው የሚታየን። ትንሹ ያልፋል፣ ትልቁ ይቀራል። እኛ የምንሠራው ፊልም ግን ምንም ቀዳዳ የለውም፤ ሊኖረውም አይገባም። ጋዙ በአንዱ ፊት ፖሊመሩ ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ በፖሊመሩ ሰንሰለቶች መካከል ለአፍታ በሚከፈቱና በሚዘጉ ክፍተቶች እየዘለለ ይጓዛል። በሌላው ፊት ደግሞ ይወጣል። ስኮትላንዳዊው ኬሚስት ቶማስ ግሬሃም ይህን ሐሳብ እ.ኤ.አ. በ1866 አስቀምጦታል። በስስ ጎማ ውስጥ አየር አሳልፎ ኦክስጅኑን ወደ 40 በመቶ ገደማ ከፍ ማድረግም ችሏል።

ስለዚህ አሳላፊነት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው። አንደኛው ጋዙ ምን ያህል እንደሚሟሟ ነው። ሁለተኛው በውስጡ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚጓዝ ነው። የኦክስጅን ሞለኪውል ስፋት 3.46 አንግስትሮም ነው፤ የናይትሮጂን ደግሞ 3.64። ልዩነታቸው ከአንድ አንግስትሮም ሁለት አሥረኛ እንኳ አይሞላም። ሆኖም ፖሊሰልፎን ኦክስጅንን ከናይትሮጂን ከአምስት እጥፍ በላይ ያሳልፋል። ደረቅና መስተዋታዊ የሆነ ፖሊመር ሰንሰለቱ እንደልቡ ስለማይወዛወዝ፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ትልቅ ዋጋ ታገኛለች። እኔን ሁሌም የሚደንቀኝ ይህ ነው።

የአሳላፊነት መለኪያው ባረር ይባላል። አንድ ባረር 10⁻¹⁰ ነው፤ የሚለካውም እንዲህ ነው፦ በመደበኛ ሁኔታ የተሰላ የጋዝ ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ በውፍረት ተባዝቶ፣ ለስፋት፣ ለሰከንድና ለግፊት ሲካፈል። ውፍረቱ በሳንቲ ሜትር፣ ስፋቱ በካሬ ሳንቲ ሜትር፣ ግፊቱ በሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ ነው። አሃዱ ያረጀ ቢመስልም ሙያው ሁሉ የሚነጋገረው በእሱ ነው።

ለምን ፖሊሰልፎን?

ለመማር የታወቀ ቁጥር ያለው ፖሊመር ይመረጣል። ፖሊሰልፎን በ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለኦክስጅን 1.4 ባረር፣ ለናይትሮጂን 0.25 ባረር፣ ለካርቦን ዳይኦክሳይድ 5.6 ባረር ገደማ ነው። የኦክስጅንና የናይትሮጂን መራጭነቱ 5.6 ይሆናል። የእናንተ ፊልም ከዚህ ብዙ ከራቀ ስህተቱ ፖሊመሩ ጋ ሳይሆን አሠራሩ ጋ ነው ማለት ነው። በአዲስ ፖሊመር የጀመረ ሰው ይህን የሚያመሳክርበት ነገር የለውም። ስለዚህ የራሳችሁ አዲስ ፖሊመር ቢኖራችሁም እባካችሁ መጀመሪያ በፖሊሰልፎን እጃችሁን አፍታቱ።

ሲሊኮን ጎማም ቀላል ይመስላል። ለኦክስጅን በመቶዎች የሚቆጠር ባረር ስላለው ልኬቱ በደቂቃ ያልቃል። ነገር ግን መራጭነቱ 2 አካባቢ ብቻ ነው። ትንንሽ ስህተቶችንም ይሸፍንላችኋል፤ ለመማር ይህ አይጠቅምም።

አንደኛ ደረጃ፦ ሒሳቡን ወረቀት ላይ ጨርሱ

ምን ያህል ፖሊመር እንደሚያስፈልግ በግምት አትሂዱ። የፊልሙን ስፋት በውፍረቱ፣ ከዚያ በፖሊመሩ እፍጋት አባዙት። የማፍሰሻ ቀለበታችሁ (የሟሟው ፖሊመር የሚፈስበት የብረት ቀለበት) የውስጥ ዲያሜትር 9 ሳንቲ ሜትር ከሆነ ስፋቱ 63.6 ካሬ ሳንቲ ሜትር ነው። የምትፈልጉት ውፍረት 0.005 ሳንቲ ሜትር ነው። የፖሊሰልፎን እፍጋት 1.24 ግራም በኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር ነው። ውጤቱ 0.39 ግራም ፖሊመር ይሆናል። ሶሉሽኑን (ፖሊመሩ የሟሟበትን ፈሳሽ) በክብደት 3 በመቶ ካደረጋችሁት ጠቅላላው 13 ግራም ገደማ ነው፤ ከዚህ 12.7 ግራም ያህሉ ሶልቨንቱ፣ ማለትም ፖሊመሩን የሚያሟሟው ክሎሮፎርም ነው። ማጣሪያው ላይ የሚቀር ስለማይጠፋ ከዚህ ሩብ ያህል ጨምራችሁ አዘጋጁ፤ ስታፈሱ ግን የተሰላውን 13 ግራም ብቻ መዝናችሁ አፍስሱ።

ሶሉሽኑን ከዚህ በጣም ብታወፍሩት አረፋ ይዞ ይቀራል። በጣም ካቀጠናችሁት ደግሞ የሚተነው ሶልቨንት ይበዛል፤ በሚደርቅበት ጊዜም ፊልሙ ለአቧራ ተጋልጦ ይቆያል።

ሁለተኛ ደረጃ፦ ማድረቅ፣ ማሟሟት፣ ማጣራት

ፖሊሰልፎን ብዙ ውሃ አይመጥም፤ ቢሆንም ፍሬውን በ120 ዲግሪ በቫኪዩም ኦቨን ውስጥ አሳድሩት። ውሃ ያለበት ፖሊመር በኋላ ደመና የመሰለ ፊልም ይሰጣል።

ከዚያ ክሎሮፎርም ያለበት፣ ክዳኑ በደንብ የሚገጥም የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ጨምሩትና በማግኔት ማማሰያ አማስሉት። ለሊቱን ቢያድር ጥሩ ነው። ሶሉሽኑን በብርሃን ፊት ስታዩት አንድም ጄል የመሰለ ክር ሊታይበት አይገባም።

እዚህ ላይ ስለ ጥንቃቄ ልናገር። ክሎሮፎርም ጉበትን ይጎዳል፣ በካንሰር አምጪነትም ይጠረጠራል። ከማሟሟት እስከ ማትነን ያለው ሥራ በሙሉ ፊውም ሁድ (እንፋሎት ስቦ የሚያስወጣ የላብራቶሪ ካቢኔ) ውስጥ ይሁን። ተራው የናይትራይል ጓንት ክሎሮፎርምን በደቂቃዎች ውስጥ ያሳልፈዋል። ጓንቱ ላይ ከፈሰሰ ወዲያው አውልቃችሁ ቀይሩ። ረዘም ላለ ንክኪ ለክሎሮፎርም የተሠራ ጓንት ያስፈልጋል። የክሎሮፎርም ቆሻሻ ከአሴቶን ጋር በአንድ ጠርሙስ አይጣል፤ ጠንካራ ቤዝ ካገኘው ድብልቁ በኃይል ሊፈነዳ ይችላል።

ሶሉሽኑ ሲዘጋጅ በ0.45 ማይክሮሜትር የቴፍሎን ማጣሪያ አሳልፉት። ሲሪንጁ የመስታወት ይሁን። ይህን ደረጃ አትዝለሉት። አንድ የአቧራ ቅንጣት ፊልሙ ውስጥ ስትቀር ዙሪያዋን ቀጭን ሰርጥ ትፈጥራለች። በዓይን አይታይም፤ ናይትሮጂን ግን ያገኘዋል። ካጣራችሁ በኋላ ጠርሙሱን ዘግታችሁ ለጥቂት ሰዓት አስቀምጡት፤ የአየር አረፋው ራሱ ወጥቶ ያልቃል።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ማፍሰስና ቀስ ብሎ ማትነን

ጠፍጣፋ የመስታወት ሰሌዳ ያስፈልጋችኋል። በላዩ የብረት ቀለበት ይቀመጣል። ፔትሪ ዲሽ አይመከርም፤ የብዙዎቹ ሥር መሃሉ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ፊልሙ መሃሉ ስስ፣ ዳሩ ወፍራም ይሆናል። ሰሌዳውን በዲተርጀንት፣ በተጣራ ውሃ፣ በመጨረሻም በአልኮል አጽዱና አድርቁት። ቀለበቱ ከሰሌዳው ጋር በደንብ መግጠሙን አረጋግጡ፤ ካልገጠመ ሶሉሽኑ በሥሩ ይፈሳል።

አሁን ሰሌዳውን በውሃ ልክ አስተካክሉ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ ሳይሆን በሁለቱም። ይህን በደንብ የሠራ ሰው ወጥ ውፍረት ያለው ፊልም ያገኛል። ያልሠራ ደግሞ በአንድ ጎን 40፣ በሌላው 65 ማይክሮሜትር የሆነ ፊልም ይዞ ይቀመጣል።

ሶሉሽኑን ከመሃል፣ ወደ ሰሌዳው ቀርባችሁ፣ ቀስ ብላችሁ አፍስሱ። ከላይ ሆናችሁ ካፈሰሳችሁ አረፋ ትፈጥራላችሁ። ወዲያው በአሉሚኒየም ፎይል ሸፍኑት። ፎይሉ ላይ በመርፌ ጥቂት ቀዳዳዎች ብሱ፤ እንፋሎቱ የሚወጣው በእነሱ ብቻ ነው። ክሎሮፎርም በ61 ዲግሪ ይፈላል፤ ያለ ክዳን ከተተወ በጣም ፈጥኖ ይተናል። ፈጥኖ ሲተን ላዩ ቀድሞ ይጠነክራል፣ ሥሩ ገና ፈሳሽ ነው። ያኔ ፊልሙ ይኮማተራል፣ ዳሩ ይጠቀለላል፣ ውስጡ ውጥረት ይቀራል። ከአንድ እስከ ሁለት ቀን እንዲፈጅ አድርጋችሁ አዘግዩት።

ሶልቨንት ሲተን ላዩን ያቀዘቅዘዋል። የክፍሉ አየር እርጥበት ካለው ውሃ ጠብታ ሆኖ ላዩ ላይ ያርፋል። ውሃ ለፖሊሰልፎን ሶልቨንት አይደለም፤ ስለዚህ የነካው ቦታ ይነጣል፣ ውስጡም ጥቃቅን ቀዳዳ ይሞላል። ነጭ ደመና ያለበት ፊልም ካያችሁ አትለኩት። ጣሉትና በደረቅ ናይትሮጂን በሚነፍስበት ሣጥን ውስጥ እንደገና አፍስሱ። ጥሩ ፊልም እንደ መስታወት ጥርት ያለ ነው።

ሲደርቅ ዳሩን በምላጭ አላቁትና ጥቂት የተጣራ ውሃ ጨምሩበት። ውሃው በሥሩ እየገባ ራሱ ያነሳዋል። በእጅ አትጎትቱ፤ የተለጠጠ ፊልም አሳላፊነቱ ይለወጣል።

አራተኛ ደረጃ፦ የተደበቀውን ሶልቨንት ማስወጣት

ፊልሙ በእጅ ሲነካ ደረቅ ነው። ውስጡ ግን ገና ብዙ ክሎሮፎርም አለ። የቀረ ሶልቨንት የፖሊመሩን ሰንሰለት ያላላል፣ የምትለኩትንም ቁጥር ያዛባል። ስለዚህ ፊልሙን ቫኪዩም ኦቨን ውስጥ አስገቡ። መጀመሪያ በ40 ዲግሪ፣ ከዚያ በ60፣ በ80፣ በመጨረሻ በ120 ዲግሪ። በየደረጃው ጥቂት ሰዓት፣ በመጨረሻው ላይ ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን። በአንድ ጊዜ ወደ 120 ከዘለላችሁ ሶልቨንቱ ፊልሙ ውስጥ ይፈላና አረፋ ይሠራል። ፖሊሰልፎን የሚለሰልሰው በ186 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ 120 ለቅርጹ አያሰጋም።

ማለቁን እንዴት ታውቃላችሁ? ቴርሞግራቪሜትር ካለ ትንሽ ቁራጭ እዚያ ውስጥ አሙቁና ክብደት የሚቀንስ መሆኑን እዩ። ከሌለ ፊልሙን በጥሩ ሚዛን መዝኑት፣ መልሳችሁ ኦቨን ውስጥ አሳድሩት፣ እንደገና መዝኑት። ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም አልቋል። ሲጨርስ ኦቨኑን አጥፍታችሁ ፊልሙ እዚያው ቀስ ብሎ ይቀዝቅዝ።

አምስተኛ ደረጃ፦ ውፍረትና ማሰር

የምትጠቀሙበትን ቦታ ብቻ ቆርጣችሁ በዲጂታል የውፍረት መለኪያ አሥር ያህል ነጥብ ላይ ለኩ። አማካዩንም ልዩነቱንም ጻፉ። ልዩነቱ ከ5 በመቶ ከበለጠ ሌላ ቦታ ቁረጡ። ውፍረት ላይ 10 በመቶ ብትሳሳቱ አሳላፊነቱ 10 በመቶ ይሳሳታል። የጋዙ የጉዞ ፍጥነት ደግሞ ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ስለሚሄድ 20 በመቶ ገደማ ይሳሳታል።

መራጭነት ግን አይነካም። ሁለቱንም ጋዝ በአንድ ፊልም ነው የለካችሁት፤ ውፍረቱም፣ ስፋቱም፣ የመቀበያው (ያለፈው ጋዝ የሚጠራቀምበት ክፍል) ይዘትም ስናካፍል ይጠፋሉ። ይህን ያዙልኝ፤ በኋላ ስህተት ስንፈልግ እንመለስበታለን።

ለማሰር፣ መሃሉ ላይ ስፋቱ የታወቀ ክብ ቀዳዳ ያለው የአሉሚኒየም ቴፕ ይዘጋጃል። ለእኛ ምሳሌ 5 ካሬ ሳንቲ ሜትር እንበል። ፊልሙ ከቀዳዳው በለጥ ብሎ ቴፑ ላይ ይለጠፋል። ፊልሙና ቴፑ የሚገናኙበትን ዙሪያ በኢፖክሲ ዝጉ። ኢፖክሲው ወደ መሃል እንዳይፈስ ወፈር ያለውን ዓይነት ተጠቀሙ። ከጠነከረ በኋላ ክፍት የቀረውን ቦታ በስካነር አንስታችሁ ትክክለኛ ስፋቱን አስሉ። የቀዳዳውን ስፋት ብቻ ይዞ መሄድ አይበቃም፤ ትንሽም ቢሆን ኢፖክሲው ይገባበታል። ከሥሩ ማጣሪያ ወረቀትና ቀዳዳማ የብረት መደገፊያ አድርጋችሁ ማሰሪያው ውስጥ አስገቡት። ኦ-ሪንጉ (የጎማ ማሸጊያ ቀለበቱ) የሚጫነው ቴፑን እንጂ ፊልሙን መሆን የለበትም።

ስድስተኛ ደረጃ፦ ሊክ (የአየር መሾለክ)

መሣሪያው በመሠረቱ ቀላል ነው። ፊልሙ ሁለት ክፍል ይለያል። ላይኛው ግፊቱ ከፍ ያለ ጋዝ ይይዛል። ታችኛው መቀበያ ነው፤ ይዘቱ የታወቀና የተዘጋ ሲሆን ከቫኪዩም ይጀምራል። ጋዝ ሲያልፍ የመቀበያው ግፊት ይጨምራል። እኛ የምንለካው ያንን ጭማሪ ነው። የመቀበያውን ይዘት አስቀድማችሁ ማወቅ አለባችሁ፤ ይዘቱ ከሚታወቅ ዕቃ ጋዝ ወደ እሱ አስፋፍታችሁ ከግፊቱ ለውጥ በቦይል ሕግ ይሰላል።

ፊልሙን ከገጠማችሁ በኋላ ሁለቱንም ክፍል በቫኪዩም ሳቡ። ማደር አለበት፤ ፊልሙ ውስጥ የተሟሟ አየርም መውጣት አለበት። ሙቀቱ 35 ዲግሪ ላይ ይርጋ። ከዚያ መቀበያውን ከፓምፑ ለዩና ምንም ጋዝ ሳታስገቡ ግፊቱን ሁለት ሰዓት ያህል ተከታተሉ።

ትንሽ መጨመሩ አይቀርም። ጥያቄው በምን መልክ ነው የሚለው ነው። እየቀነሰ ሄዶ ጠፍጣፋ የሚሆን ከሆነ ግድግዳው ላይ የነበረ እርጥበት ወይም ፊልሙ ውስጥ የቀረ ሶልቨንት እየወጣ ነው፤ ፓምፑን መልሳችሁ ተጨማሪ ሌሊት ስጡት። ቀጥ ባለ መስመር የማያቋርጥ ከሆነ ሊክ አለ። መጋጠሚያዎቹን አንድ በአንድ ፈትሹ።

ምን ያህል ሊክ ይፈቀዳል? በቁጥር እንየው። መቀበያው 40 ኪዩቢክ ሳንቲ ሜትር፣ የላይኛው ግፊት 152 ሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ፣ ማለትም 2 አትሞስፌር ይሁን። በዚህ ፊልም ኦክስጅን የመቀበያውን ግፊት በሰዓት 1.64 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ከፍ ያደርጋል። ናይትሮጂን ግን 0.29 ብቻ። አሁን በሰዓት 0.1 የሚያሾልክ መጋጠሚያ አለ እንበል። ኦክስጅኑ 1.74 ሆኖ ይነበባል፤ ብዙም አያስደነግጥም። ናይትሮጂኑ 0.39 ሆኖ ይነበባል። መራጭነቱ ከ5.6 ወደ 4.4 ወረደ። ፖሊመሩ ምንም አልሆነም፤ መጋጠሚያው ነው ያዋረደው።

ቀስ ብሎ የሚያልፈው ጋዝ ዳኛችሁ ነው የምለው ለዚህ ነው። የሊኩ መጠን ከናይትሮጂኑ ጭማሪ 5 በመቶ በታች ካልሆነ አትጀምሩ። በእኛ ምሳሌ ይህ በሰዓት 0.015 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ነው። የቀረውንም ከእያንዳንዱ ልኬት ቀንሱ።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ልኬቱ

በናይትሮጂን ጀምሩ። የመቀበያው ግፊት እየተመዘገበ ሳለ የላይኛውን ቫልቭ ክፈቱ። የተከፈተበትን ሰከንድ ያዙ። መጀመሪያ ምንም የሚሆን አይመስልም፤ ጋዙ ገና ፊልሙን እየሞላ ነው። ከዚያ ግፊቱ ቀስ ብሎ ይነሳና በመጨረሻ ቀጥ ያለ መስመር ይይዛል። ያንን ቀጥ ያለ መስመር ወደ ኋላ ስትስሉት የጊዜውን ዘንግ የሚቆርጥበት ቦታ የመዘግየት ጊዜ ይባላል። መስመሩን ለማመን ቢያንስ የመዘግየቱን ጊዜ አራት አምስት እጥፍ ጠብቁ። መጣደፍ እዚህ ላይ ዋጋ ያስከፍላል፤ ገና እየታጠፈ ያለ መስመር ከእውነተኛው ያነሰ ስሎፕ (ግፊቱ የሚጨምርበት ፍጥነት) ይሰጣችኋል።

ሲያልቅ ሁለቱንም ክፍል በቫኪዩም ስባችሁ ወደ ኦክስጅን ተሻገሩ። ንጹሕ ኦክስጅን ከተራ የፓምፕ ዘይት ወይም ቅባት ጋር ከቶ አይገናኝ፤ እሳት ያስነሳል። ዘይት የሌለው ፓምፕ ተጠቀሙ፣ ጋዙንም በፓምፑ ከመሳባችሁ በፊት በፊውም ሁድ አስተንፍሱት።

ስምንተኛ ደረጃ፦ ቁጥሩን ማውጣት

ቀመሩ ይህ ነው፦

አሳላፊነት በባረር = 10¹⁰ × (የመቀበያ ይዘት × ውፍረት × 273.15) ÷ (ስፋት × ሙቀት በኬልቪን × 76 × የላይኛው ግፊት) × ስሎፕ

ርዝመቱ ሁሉ በሳንቲ ሜትር፣ ግፊቱ በሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ፣ ስሎፑ በሳንቲ ሜትር ሜርኩሪ በሰከንድ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የላይኛው ግፊት የመለኪያው ንባብ ሳይሆን ፍጹም ግፊት መሆን አለበት። ተራ መለኪያ ዜሮ ሲል 1 አትሞስፌር አለ።

ምሳሌያችን ላይ የኦክስጅኑ ስሎፕ በሰዓት 1.64 ሚሊ ሜትር ነበር። ወደ ሳንቲ ሜትርና ሰከንድ ሲለወጥ 4.56 × 10⁻⁵ ይሆናል። ሌሎቹን አስገቡ፤ 40፣ 0.005፣ 5፣ 308.15 እና 152። መልሱ 1.4 ባረር ነው።

የመዘግየት ጊዜው 100 ሰከንድ ከሆነ የጋዙ የጉዞ ፍጥነት፣ ማለትም የዲፊውዥን መጠኑ፣ የውፍረቱ ስኩዌር ለስድስት እጥፍ መዘግየት ሲካፈል ነው። 0.000025 ለ600፤ 4.2 × 10⁻⁸ ካሬ ሳንቲ ሜትር በሰከንድ። አሳላፊነቱን ለዚህ ስታካፍሉት ሟሚነቱን ታገኛላችሁ። ከአንድ ልኬት ሦስት ነገር ማለት ነው። ይህን ዘዴ እወደዋለሁ። ሲሊኮን ጎማ ላይ ግን አይሠራም፤ 50 ማይክሮሜትር ፊልም ላይ መዘግየቱ ከአንድ ሰከንድ በታች ስለሆነ አይያዝም።

ቁጥሩ ካልተስማማስ?

አሁን ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ ነጥብ ይጠቅመናል። መጀመሪያ መራጭነቱን እዩ።

መራጭነቱ 5.6 አካባቢ ሆኖ አሳላፊነቱ ብቻ ከራቀ፣ ፊልሙ ጤነኛ ነው። ስህተቱ በጋራ ቁጥሮቹ ላይ ነው፤ ውፍረት፣ ስፋት፣ የመቀበያ ይዘት፣ ወይም የግፊት አሃድ። የቀረ ሶልቨንትም ሁለቱንም ጋዝ አንድ ላይ ሊያነሳ ይችላል፤ ያኔ መራጭነቱም ትንሽ ይወርዳል።

መራጭነቱ ወርዶ 4 ወይም 3 ከሆነ ሊክ ወይም ጥቃቅን ቀዳዳ አለ። ሁለቱን ለመለየት ሊኩን እንደገና ፈትሹ። የሊኩ ልኬት ላይኛው ክፍል ባዶ ሆኖ ስለሚደረግ የፊልሙን ቀዳዳ አያይም። ሊኩ ንጹሕ ሆኖ ናይትሮጂኑ አሁንም ከበዛ፣ ቀዳዳው ፊልሙ ላይ ወይም በኢፖክሲው ጠርዝ ላይ ነው።

መራጭነቱ ከ1 በታች፣ ወደ 0.94 ከተጠጋ ደግሞ ጉዳዩ ግልጽ ነው። በጥቃቅን ቀዳዳ ውስጥ ጋዞች የሚለያዩት በክብደታቸው ስኩዌር ሩት ብቻ ነው። የ28 ለ32 ስኩዌር ሩት 0.94 ነው። በፖሊመሩ ውስጥ የሚያልፍ ጋዝ ከቁም ነገር አይገባም፤ ሁሉም በቀዳዳው እየፈሰሰ ነው። አዲስ ፊልም አፍስሱ። በላዩ ሲሊኮን ቀብቶ መድፈን ይቻላል፤ ለፖሊመር ልኬት ግን አይሆንም። ኢንዱስትሪው ግን ይህንኑ ብልሃት በትልቁ ተጠቅሞበታል። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ ሞንሳንቶ ፕሪዝም ብሎ ያወጣው ሃይድሮጂን መለያ፣ ውስጡ ክፍት የሆነ ቀጭን የፖሊሰልፎን ክር ነበር። ላዩ በሲሊኮን የተቀባው ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ለመድፈን ነው።

ወደ ሚቴንና ካርቦን ዳይኦክሳይድ

ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። ሂሊየም ካለ መጀመሪያ እሱ፣ ከዚያ ናይትሮጂን፣ ኦክስጅን፣ ሚቴን፣ መጨረሻ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ። ሚቴን ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ መዘግየቱ ይረዝማል፤ ሌሊቱን እንዲለካ ተዉት። ተቀጣጣይ ስለሆነ ማስወጫው ወደ ፊውም ሁድ ይሂድ።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ የመጨረሻ የሚሆነው ፖሊመሩን ስለሚለውጠው ነው። በብዛት ይሟሟል፣ ሰንሰለቱን ያላላል፣ ከወጣም በኋላ ፊልሙ ወዲያው ወደ ነበረበት አይመለስም። በ2፣ በ5፣ በ10 አትሞስፌር ለኩት። መስተዋታዊ ፖሊመር ላይ ግፊቱ ሲጨምር አሳላፊነቱ መጀመሪያ ይወርዳል። ከዚያ በሆነ ግፊት ላይ መውረዱን አቁሞ መውጣት ከጀመረ ፖሊመሩ ለስልሷል። ማትሪሚድ በሚባለው ፖሊኢማይድ ላይ ይህ የሚታየው ከ10 ባር በላይ ነው። ሲጨርስ ናይትሮጂንን አንዴ ድገሙት። ከመጀመሪያው ካደገ ፊልሙ ምን ያህል እንደተለወጠ በቁጥር አወቃችሁ ማለት ነው።

በየተራ የተለካ መራጭነት የድብልቅ መራጭነት አይደለም። ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን አብረው ሲገቡ አንዱ የሌላውን ቦታ ይሻማል፣ የለሰለሰ ፖሊመርም ሚቴንን በቀላሉ ያሳልፋል። ለተፈጥሮ ጋዝ ማጣሪያ ይሆናል የሚል ሰው የድብልቅ ልኬት ማሳየት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ ጋዝ ክሮማቶግራፍ (የተቀላቀሉ ጋዞችን ለይቶ የሚለካ መሣሪያ) ያስፈልጋል።

ውጤቱን የት እናስቀምጠው?

አሜሪካዊው ሎይድ ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1991 የታወቁ ፖሊመሮችን ሁሉ በአንድ ግራፍ ላይ አስቀመጠ፤ በአንዱ ዘንግ አሳላፊነት፣ በሌላው መራጭነት። ማንም የማያልፈው መስመር ታየ። በጣም የሚያሳልፍ ብዙ አይመርጥም፤ በጣም የሚመርጥ ብዙ አያሳልፍም። በ2008 መስመሩን አዳዲስ ፖሊመሮችን አካትቶ አደሰው። በዚያ መስመር ላይ መራጭነቱ 5.6 የሆነ ፖሊመር ለኦክስጅን 80 ባረር ገደማ ይሰጣል። የእኛ ፖሊሰልፎን 1.4 ነው። ከመስመሩ በጣም ሩቅ ነው።

ግን ባረር የፖሊመሩ ጠባይ እንጂ የሜምብሬኑ አቅም አይደለም። የእኛ ፊልም 50 ማይክሮሜትር ነው። የፋብሪካ ክር መራጭ ቆዳው 0.1 ማይክሮሜትር አካባቢ ሊሆን ይችላል። ያው ፖሊመር፣ ያው 1.4 ባረር፤ የሚያሳልፈው ጋዝ ግን በእኩል ስፋት 500 እጥፍ ይበልጣል። ፖሊሰልፎን ከመስመሩ በታች ሆኖም ገበያ ውስጥ የቆየው በዚህ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ያለ ቀዳዳ በጣም ስስ ተደርጎ ይሠራል።

ስስነት የራሱ ችግር አለው። መስተዋታዊ ፖሊመር ከጊዜ ጋር እየጠበቀ ይሄዳል፤ አሳላፊነቱ ይቀንሳል፣ መራጭነቱ በአብዛኛው ትንሽ ይጨምራል። 50 ማይክሮሜትር ፊልም ላይ ይህ በጣም ዝግ ያለ ነው። ከ1 ማይክሮሜትር በታች ሲሆን ግን በቀናትና በሳምንታት ይታያል። ስለዚህ ፊልሙን በያዘው ፖስታ ላይ የተፈሰሰበትን ቀን፣ ከኦቨን የወጣበትን ቀንና የደረቀበትን ከፍተኛ ሙቀት ጻፉ። ከእያንዳንዱ የባረር ቁጥር ጎን ደግሞ የፊልሙን ዕድሜ፣ ውፍረቱን፣ ሙቀቱንና የላይኛውን ግፊት አስፍሩ።